የተሸፈነ ዘንቢል

የፋብሪካ ዘበኛው እውነቱ የሌሊት ጥበቃውን ጨርሶ ወንድሙ ቤት ሲገባ በብብቱ ሸጉጦት የመጣውን ጥቅል በሁለት እጁ ለብዙነሽ አቀረበላት። የመጪው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ፋብሪካው አሳትሞ ለሠራተኞቹ ያደለው፣ ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ። ብዙነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው፣ ባሏ ዕዝራም ሚስማር ፈልጎ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። የመጀመሪያው ገጽ መስከረም ነበር። ከቀኖቹ በላይ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ፣ በአንድ እጇ የዘይት ጀሪካን፣ በሌላው እግሩ የታሰረ ዶሮ አንጠልጥላ ቆማለች። ከኋላዋ ባነር ተዘርግቷል፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ በትልልቁ «አቅመ ደካሞችን እንደግፋለን» ተብሎ ተጽፏል። ቀድማ የለየቻት የስድስት ዓመቷ ኤዶም ናት። «እማዬ! አንቺ እኮ ነሽ! እንዴት ያምርብሻል!» ብላ አልጋው ላይ ዘለለች።

እውነቱ ሥዕሉን ገና አሁን ማየቱ ነበር። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ «ማታ መብራት አልነበረም እኮ፣ ሳልገልጠው ነው ያመጣሁት» አለ። ለመስቀል ዱራሜ ሲወርድ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሊያድል ብዙ ፍሬ ጠይቆ መውሰዱንም ሊናገር ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ብዙነሽ ግን የተወውን ጭምር ሰማች። አማቷ ግድግዳ ላይ፣ የአማቷ እህት ግድግዳ ላይ፣ የሰርጓ ቀን ያጀቧት ሴቶች ግድግዳ ላይ አንገቷን ደፍታ ሠላሳውን የመስከረም ቀን ስትቆም ታያት። አምና በዚህ ሰሞን ዕዝራ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ በጀሶ ታስሮ ነበር፤ ያኔ ነው ፋብሪካው ለበዓል ዱቄትና ዘይት ሲያድል ትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠርታ የተሰለፈችው። ዱቄቱ ለመስቀል አልደረሰም፤ ፎቶው ግን ይኸው ዓመት ቆይቶ መጣ። ዕዝራ ተነሥቶ የመስከረምን ገጽ ወደ ኋላ አጠፈውና በሚስማሩ ላይ ሰካው። ያ ቤት ገና ጳጉሜን ሳይጨርስ ጥቅምት ገባ።

ብዙነሽን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። ዘንድሮ የሰፈሩ እድር ለበዓል እርዳታ ኮሚቴ ሲመርጥ እጇን አውጥታ «እኔም እሠራለሁ» ብላ ተመርጣለች። ዛሬ ጳጉሜ አምስት ነው፤ ነገ እንቁጣጣሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አረፋ፤ ሁለቱ በዓላት ተከታትለው የመጡበት ዓመት ነው። ያው ፋብሪካ ስምንት ሰዓት ላይ ዱቄትና ዘይት ይልካል። ባነሩም ካሜራውም አብረው ይመጣሉ። የድሆቹን ስም እየጠራች ወደ ካሜራው የምታሰልፋቸው ደግሞ ራሷ ናት።

እንቢ እንዳትል ጊዜው አይፈቅድም። ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም ግርግሩ አልበረደም። ከጳጉሜ አንድ ጀምሮ ገበያ አይውጣ፣ ሱቅ አይከፈት የሚል ጥሪ ተላልፎ ከሰበታ እስከ ዓለም ገና ያለው መንገድ በር በሩ ሁሉ ተከርችሟል። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ አንዳንዴ ብቅ ይልና ይጠፋል። ሽንኩርት በጓሮ በር ተለምኖ የሚገኝ ነገር ሆነ፤ እንቁላል አምስት ብር ገባ፤ ቅቤማ ተፍኪ ድረስ በእግር ሄዶ ያመጣ ሰው የጠራውን ዋጋ መስማት ራሱ ያስደነግጥ ነበር። ሕንፃዎቹ ሲሚንቶ ስላጡ አናጢው ዕዝራም ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ቤት ውሏል። እንደ እሱ የዋለ ሰው በሰፈሩ ሞልቷል፤ አምና ሰጪ የነበረ ዘንድሮ ለመቀበል አፍሮ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ራዲያ ዘንድ ሄደች። ራዲያ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ናት፤ ከባሏ ጋር በሰፈሩ መሀል ትልቁን ሱቅ ይዘዋል። የቆርቆሮ መዝጊያው ወርዶ፣ በሚስማር ቀዳዳዎቹ የገባው ፀሐይ ወለሉን አዥጎርጉሮት፣ እሷ በጨለማው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ዝግ ሱቅ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ ራዲዬ?»

«ብስኩት እበላለሁ። አምስት ቀን ሙሉ የገዛ ሱቄ ደንበኛ ሆኜ ሰነበትኩ፤ ነገሩ አላማረኝም፣ ራሴን ዱቤ ልከለክል ነው።»

ብዙነሽ ሳቀች፣ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰብሮ አለቀሰች። የቀን መቁጠሪያውን ነገር ነገረቻት። ራዲያ ብስኩቱን አስቀምጣ ሰማቻት፤ ከንፈሯን አልመጠጠችም፣ «አይዞሽ»ም አላለች። ቆይታ «እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይሰጥ?» አለቻት። ብዙነሽም መንገዱን ሙሉ ስታመነዥከው የመጣችውን ነገር አወጣች። በቤተ ክርስቲያናቸው መባ የሚሰበሰበው በወፍራም ከረጢት ነው፤ እጅ ተጨብጦ ይገባል፣ ተከፍቶ ይወጣል። አምና ዕዝራ በተኛበት ሰሞን ሳንቲም አጥታ ባዶ ጭብጧን ከትታ አውጥታለች፤ ከጎኗ የነበረችው ሴት እንኳ አላወቀችባትም። «አንድ ክፍል እንደዚያ ከረጢት ቢሆንልን» አለች። «ሰው ሁሉ ዘንቢሉን ሸፍኖ ይገባል። ያለው ያስቀምጣል፣ የጎደለው ይወስዳል፣ ሁለቱም የሌለበት ዝም ብሎ ገብቶ ይወጣል። አንድ በአንድ። ማንም አያይም።»

ራዲያ ተነሥታ የሱቁን የኋላ ጓዳ ከፈተች። በግቢው በኩል መግቢያ፣ በጀርባ ወደ ቅያሱ መውጫ አለው። «ይኸው ከረጢትሽ» አለች። «ግን ሥጋ አይግባ። ቢላዋ ካረፈበት ግማሹ ሰፈር ሊበላው ነው፣ ግማሹ ሊጥለው። ዶሮ የሚያመጣ ከነነፍሱ ያምጣ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ሞቱማ ነበሩ። የሰፈሩ መሬት ግማሹ ድሮ የአባታቸው እርሻ ነው፤ አብዛኛው ለፋብሪካ ተወስዶ በተረፈው ላይ ሰርቪስ ቤቶች ሠርተው ያከራያሉ። ብዙነሽም ተከራያቸው ናት። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አግኝተዋቸው ነገሩን አስረዷቸው። ሽማግሌው ጺማቸውን እያሻሹ አዳመጡና «ያለው ሰው ገብቶ ቢወስድስ?» አሉ።

«ይውሰዳ!» አለች ራዲያ። «ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት በላ ቁጥር ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል።»

ኦቦ ሞቱማ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ቶሌ» አሉ፤ «ይሁን። እኔ ራሴ ቀድሜ እገባለሁ።»

ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ሰፈሩን ለሁለት ተካፍለው በር እያንኳኩ ዞሩ። ችግሩ ድሆቹ አልነበሩም። ችግሩ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ መስጠቱን አይጠሉም፣ ራሳቸው ይዘው መሰለፉን እንጂ። አንዱ ብዙነሽን «እኔ በኋላ ለልጁ አስይዤ እልካለሁ» አላት፤ ሌላው «ባንክ ሲከፈት አስገባላችኋለሁ» ብሎ ሸኛት። ፎቅ ቤት የሠራችው ወይዘሮ ትህትና በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ለስላሳ ከፈተችላት፣ የምትሰጠውንም ከነዓይነቱና ከነመጠኑ ዘረዘረችላት፤ «ግን ሠራተኛዋ ታድርስልሽ፣ እኔ ዘንቢል ይዤ ግርግር ውስጥ ስቆም ምን ይባላል?» አለች። ብዙነሽ ለስላሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ የሚሰጡት ነገር ቢቀር ይቅር። እርስዎ ካልመጡ ግን የመጣው ሁሉ ድሃ ነው ይባላል። የምፈልገው እርስዎን ነው።» ወይዘሮ ትህትና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ብዙነሽም ነገሩ የተበላሸ መስሏት ለስላሳውን ሳትጨርስ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን የራዲያ ግቢ ሞላ። የፕላስቲክ ዘንቢል የያዘ፣ ፌስታሉን በጋዜጣ የሸፈነ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ ያነገተ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ ያቀፈ። መስጊድ ደርሰው የተመለሱት ሽማግሌዎች ከዘማሪዎቹ ወጣቶች ጋር ተደበላልቀው ቆሙ። ወይዘሮ ትህትናም መጣች። ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ጎማ ያለው የመንገደኛ ሻንጣ ድንጋዩ ላይ እያንገጫገጨች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፣ ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም፤ እሷም መነጽሯን አውልቃ አብራ ሳቀች። «ምን ላድርግ፣ ዘንቢል የለኝም!»

ኦቦ ሞቱማ በገቡት ቃል መሠረት ጋቢያቸውን እንደ ድንኳን ግራና ቀኝ ዘርግተው መጀመሪያ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሰው ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ ከውስጥ የዶሮ ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ የሽማግሌው «እሽ!» የሚል ቁጣ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ መንኮታኮት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው በኋላ በር ወጥተው በቅያሱ ዞረው ሲመለሱ ላባ ጺማቸው ላይ ተሰክቶ «እኔ ምንም አላስገባሁም» አሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ እንደገና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ዘንቢሉን እንደሸፈነ በጀርባ ይወጣል። ራዲያ መግቢያው ላይ፣ ብዙነሽ መውጫው ላይ ቆመዋል። የሚወጣውን ሰው ዘንቢል ክብደት በዓይኗ ላለመመዘን ብዙነሽ አንጋጣ ሰማዩን ስታይ ዋለች። ልቧ ግን ጓዳው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የገቡት አራግፈውት ቢሆንስ? ኋላ የተሰለፉት አሮጊቶች ባዶ ወለል ቢጠብቃቸውስ? አንድ ሁለት ጊዜ እጇ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ገብታ ካየች ከካሜራው በምን ትሻላለች?

ሰልፉ መሀል ላይ ሳለ አራት አምስት ወጣቶች በግቢው በር ገቡ። ሰሞኑን ሱቅ እንዳይከፈት መንገዱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሳቁ ቆመ። አንደኛው የተዘጋውን ሱቅና የተሸፈኑትን ዘንቢሎች እያየ «ማነው የሚሸጠው?» አለ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ራዲያ ባለፈው ወር አንድ ሱቅ መስታወቱ እንዴት እንደረገፈ አስታውሳ በሩን ተደግፋ ቀረች። ኦቦ ሞቱማ ከበርጩማቸው ሳይነሡ «ኩን ጉርጉርታ ሚቲ» አሉት። ሽያጭ አይደለም። ከዚያ በኦሮምኛ ረጋ ብለው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱት፤ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ሻንጣውም ጭምር። ልጁ ጥርሱን ላለማሳየት ከንፈሩን ነከሰ። ጓደኞቹን ዞሮ አየና በጀርባው ያነገተውን ቦርሳ አስተካክሎ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ተራው ደርሶ ገባ፣ ወጣ። ብዙነሽ ሰማይ ሰማዩን ታይ ነበር።

የፋብሪካው ፒካፕ የደረሰው ያኔ ነው። ታርጋውም ጎኑም በጭቃ ተለስኗል፤ ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ «ቶሎ አውርዱና ልሂድ» ይላል። ከፊት ወንበር የወረደው ዘርሁን የሚባል የፋብሪካው ሕዝብ ግንኙነት ነው፤ ሱፍ ለብሷል፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አለ፣ ባነሩን ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ግቢው ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘ። የሚሰለፉትን ድሆች ከየትኞቹ መሀል እንደሚለይ ግራ ገባው። በመጨረሻ ዓይኑ ባረጀ ቦቲና በተቀደደ ጋቢ ላይ አረፈ።

«አባባ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። ይህን ዱቄት ይያዙ። ከየት ሰፈር ነው የመጡት?»

«ከዚሁ ነኝ» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «የእናንተ መጋዘን ያለበት ቦታ የአባቴ የገብስ ማሳ ነበር። ዱቄቱን አንተ ያዘው ልጄ፣ ወገቤን ያመኛል።»

ሰው ሳቀ፤ ዘርሁን ግን አልሳቀም፣ አንገቱ በላብ ረጠበ። ብዙነሽ መውጫውን ትታ መጣች። ፊቱን አወቀችው፤ አምና «ቀና በይ እናቴ፣ ቀና በይ» እያለ ያነሣት እሱ ነው። እሱ አላወቃትም። «በቀን መቁጠሪያችሁ መስከረም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለችው። ቀና ብላ ስለነበር ነው መሰል ለመለየት ጊዜ ወሰደበት፤ ሲለያትም ደስ ብሎት «ኦ! በጣም ጥሩ ወጥቶ ነበር እኮ!» አለ። ብዙነሽ አልተቆጣችም። ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት አንዲት ነገር ብቻ ቀረቻት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ዘርሁን ካሜራውን ከደረቱ ላይ ወደ ጎን አዞረው። ዝቅ ባለ ድምፅ «ያለ ፎቶ ብመለስ ዱቄቱን ሸጠኸዋል ነው የምባለው እህቴ፤ አለቃዬን አታውቂውም» አላት፤ እውነቱን መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ብዙነሽ ወደ ሰልፉ ዞራ አሰበች። «እንግዲያው ሁላችንንም አንሣን። ኮሚቴውም፣ ፎቅ ያላቸውም፣ የሌለንም፣ አንተም ጭምር። ዘንቢላችንን እንደሸፈንን። ባነሩ ግን መኪናው ውስጥ ይቅር።» ሹፌሩም ከውጭ «ባነር እንዳትዘረጋ! በድንጋይ ሊያስጨርሰን ነው እንዴ ሰውዬው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም በግድግዳው ሥር ተሰበሰበ፤ ረጃጅሞቹ ኋላ፣ ወይዘሮ ትህትና ከነሻንጣዋ መሀል፤ ፊታቸው መታየቱ የማይመቻቸው ወጣቶች ብቻ ፈቀቅ አሉ። አንደኛው ግን ካሜራውን ተቀብሎ አነሣላቸው። ዘርሁን ከኦቦ ሞቱማ ጎን ቆሞ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንድ ጊዜ ኪሱ፣ አንድ ጊዜ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ሱፉን አውልቆ ጆንያዎቹን ከወጣቶቹ ጋር እየተሸከመ ጓዳው ውስጥ አስገባ። ሲጨርስ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ «እኔስ ተራ ይደርሰኛል?» አለ። ራዲያ በሩን ከፈተችለት። የላፕቶፕ ቦርሳውን ይዞ ገባና ወጣ። ምን እንዳደረገ ማንም አልጠየቀውም።

ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል ስታዘቀዝቅ ግቢው ባዶ ሆነ። «አንቺ ቀረሽ» አለቻት ራዲያ። ብዙነሽ በነጠላዋ ሥር ዱራሜ እናቷ የላከችላትን ቡላ ይዛ ነበር። አስቀምጣ ልትወጣ ብቻ ነው የገባችው። ጓዳው ውስጥ መብራት የለም፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ቆመች። ባዶ ወለል ነበር የጠበቀችው። ከጆንያዎቹ ሁለቱ ገና አልተነኩም። የተከፈተው ጆንያ አጠገብ አንድ ሰው ጣሳ አስቀምጧል፤ ዱቄቱን በየፌስታሉ ከፋፍሎ አስሮ የደረደረው ሰውም አለ፤ ኋላ የሚመጡት እንዳይቸገሩ መሆን አለበት። አራት ጀሪካን ዘይት፣ የሕፃን ጫማ ከነካርቶኑ፣ ክምር ሽንኩርት፣ የአንድ መቶ ብር የስልክ ካርድ፣ ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ የተኛች ዶሮ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ ግማሽ ሳሙና ነበር። በክር ይሁን በቢላዋ እኩል ለሁለት የተቆረጠ፣ በንጹሕ የደብተር ወረቀት የተጠቀለለ። ብዙነሽ ሳሙናውን አንሥታ ያዘችው። ግማሽ ሳሙና የሚሰጥ ሀብታም የለም። ይህን ያመጣው ሰው ቤቱ ያለውን ሙሉውን አይቶ፣ አስቦ፣ ከፍሎ ነው ያመጣው፤ ምናልባት ሳሙናውን ባመጣበት ዘንቢል ዱቄት ይዞ ወጥቶ ይሆናል። ቡላውን አስቀመጠች። ቤት ያለው ዱቄት ለነገ ብቻ እንደሚበቃ ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች፣ ለማንም አልተናገረችም። ውጭ የሚጠብቃት ካሜራ የለም። አንድ ፌስታል ዱቄት፣ አንድ ዘይት፣ እፍኝ ሽንኩርት አደረገች፤ ግማሹን ሳሙናም ጨመረች። ዘንቢሏን ሸፍና ስትወጣ ራዲያ ሰማይ ሰማዩን ታይ ነበር።

ቤት ስትደርስ ዕዝራ ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣ። ሳሙናው ላይ ሲደርስ የተቆረጠበትን ጎን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ማን ነው የሰጠሽ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? እናመስግን እንጂ።»

«ከሰፈሩ ሰው አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም» አለች፤ ሳቋም ሳታስበው መጣ። ዕዝራ ሳሙናውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ከባድ ነገር አምጥተሻል» አላት።

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ኤዶም አደይ አበባዋን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ፣ ዕዝራም የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ደጅ ወጣ። የመጀመሪያው ያገኘው ሰው ከጎን ግቢ የሚኖር ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ በፍሳሽ ውኃ ተጣልተው ከግንቦት ወዲህ እየተያዩ ይተላለፋሉ። ዕዝራ ሊያልፈው ሲል እግሩ ቆመ። እሱ ቢሆንስ? ብየዳ ሠራተኛውም ቆሞ ነበር፤ ያንኑ እያሰበ መሆን አለበት። «እንኳን አደረሰህ» ተባባሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ስለ ልጆችም ስለ መብራት መጥፋቱም ተጠያየቁ። ዕዝራ ወደሚቀጥለው በር አለፈ፤ እዚያም እንደዚያው ሆነ። ማንን ማመስገን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ማንንም መዝለል የቻለ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያን ጠዋት ከደጅ ደጅ እየዞረ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ብዙነሽ በራፏ ላይ ቆማ አየች። ባሏ የቅያሱን ጫፍ ሳያዳርስ ምሳ ሰዓት ደረሰ።